ወንዝ የሌላት አገርና መሪዋ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የገፈርሳን የውኃ ማጠራቀሚያ ያገኛል። ከዋናው ግድብ በላይ የተሠራው፣ ገፈርሳ ሦስት የሚባለው ግድብ ዋነኛ ተግባሩ ደለልን አስቀርቶ የታችኛውን ማጠራቀሚያ ከመሞላት መጠበቅ ነው። ውኃን ለማቆየት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ አፈርን መያዝ እንዳለበት ይህ ግድብ በቂ ምስክር ነው። ይህንኑ ቁም ነገር የመንግሥቱ ዐቢይ ተግባር ያደረገ አንድ አፍሪካዊ መሪ ነበር፤ እርሱም የኬፕ ቨርዴ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አሪስቲዴስ ፔሬይራ ነው።

ኬፕ ቨርዴ ከሴኔጋል በስተምዕራብ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ 10 ደሴቶች ስትሆን፣ የቆዳዋ ስፋት 4,033 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም ለማለት ይቻላል። ዝናም ሲቀር ረኃብ፣ ሲመጣም የአፈር መሸርሸር ዕጣዋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በፖርቱጋል አገዛዝ ሥር ሳለች በተከታታይ የደረሰው ረኃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጨርሷል።

ፔሬይራ እ.ኤ.አ. በ1923 በቦአ ቪስታ ደሴት ተወለደ። ሙያው ሬዲዮ ቴሌግራፍ ነበር። በቢሳው ከተማ በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ከእርሻ መሐንዲሱ ከአሚልካር ካብራል ጋር የጊኒና የኬፕ ቨርዴን የነጻነት ፓርቲ በኅቡእ መሠረተ። እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1973 ካብራል በኮናክሪ ሲገደል፣ ፔሬይራም በዚያው ሌሊት ተይዞና ታስሮ በጀልባ ወደ ቢሳው ሲወሰድ የጊኒ ባሕር ኃይል ደርሶ አዳነው። ከዚያም የፓርቲውን አመራር ተረክቦ፣ አገሩ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1975 ነጻ ስትወጣ ፕሬዚዳንት ሆነ።

የተረከባት አገር ለብዙ ዓመታት በድርቅ የተመታች ነበረች። መንግሥቱ ግን ከውጭ የተገኘውን የርዳታ እህል በነጻ ማደልን አልመረጠም፤ እህሉ በገበያ እየተሸጠ፣ ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ በሕዝብ ሥራ ለተሰማሩ ሠራተኞች ደመወዝ ሆነ። ሠራተኞቹም በየሸለቆው የድንጋይ ክትር ደረደሩ፤ በየተራራው እርከን ሠሩ፤ ድርቅ የሚቋቋሙ ዛፎችን በሚሊዮን እየቆጠሩ ተከሉ። በዚያው ዘመን በኢትዮጵያም ሰፊ የእርከን ሥራ ይካሄድ ነበር፤ የገበሬው ክፍያ ግን በቀን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር።

የፔሬይራ አገዛዝ ነቀፌታ የሌለበት አልነበረም። አገሪቱ ለ15 ዓመታት በአንድ ፓርቲ ተገዝታለች። እ.ኤ.አ. በ1981 በሳንቶ አንታዎ ደሴት የመሬት ማሻሻያውን በተቃወሙ ሰዎች ላይ የመሣሪያ ኃይል ተጠቅማለች። ይሁንና የብዙ ፓርቲዎች ምርጫ በተፈቀደ ጊዜ ፔሬይራ ለውድድር ቀረበ፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1991 በአንቶኒዮ ማስካሬንያስ ሞንቴይሮ በሰፊ የድምፅ ልዩነት ተሸነፈ፤ ውጤቱንም ተቀብሎ ሥልጣኑን በሰላም አስረከበ።

እ.ኤ.አ. 1991 በኢትዮጵያም መንግሥት የተለወጠበት ዓመት ነው። በኢትዮጵያ ለውጡ የመጣው በጦርነት ነበርና፣ በዘመቻና በትእዛዝ ከተሠሩት እርከኖች ብዙዎቹ ፈረሱ፤ ከተተከሉት ደኖችም ብዙዎቹ ተጨፈጨፉ። በኬፕ ቨርዴ ግን ክትር የመደርደሩና ዛፍ የመትከሉ ሥራ በተመረጠው መንግሥት ዘመንም ቀጠለ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ትልቅ ግድብ፣ የፖይላዎ ግድብ፣ በሳንቲያጎ ደሴት የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ፔሬይራ ከሥልጣን ከወረደ 15 ዓመት ቢሆነውም ይህን ለማየት በሕይወት ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 2011 በ87 ዓመቱ በፖርቱጋል ዐረፈ፤ የትውልድ ደሴቱ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ተሰየመ።

መሐንዲስ የግድብን ዕድሜ ሲያሰላ የደለሉን መጠን፣ የጐርፉን ኃይልና የድንጋዩን ጥንካሬ ይመዝናል። የሁለቱ አገሮች የ1991 ታሪክ እንደሚያስረዳው ግን፣ በስሌቱ ውስጥ የማይገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት መንገድ ነው። ከገፈርሳ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ እርከን የሚሠራ ሁሉ፣ ሥራው ካሠራው መንግሥት ዕድሜ በላይ እንዲቆይ ከፈለገ፣ ይህንንም ከደለሉና ከጐርፉ ጋር አብሮ ሊያስብበት ይገባል።