አጭር መጽሐፍና የሠርቶ አደሩ ጊዜ

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር አስተዋውቋል። ይሁን እንጂ ፊደል የቆጠረ ጎልማሳ በሥራ ተወጥሮ ከመጽሐፍ ከራቀ የተማረውን መልሶ ሊያጣው ይችላል። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ፍላጎት ሳይሆን ጊዜ ነው።

ይህን አንባቢ ማገልገል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ግዴታ መሆኑ በታሪክ ቀስ በቀስ የታወቀ ነው። የአሜሪካዊቷ የኢንዱስትሪ ከተማ የዉስተር ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሳሙኤል ግሪን፣ በ1876 እ.ኤ.አ. ፊላዴልፊያ ላይ በተካሄደው የሙያው ጉባኤ፣ ባለሙያው አንባቢውን በትሕትና ተቀብሎና የሚሻውን ጠይቆ በመጽሐፍ ምርጫ እንዲረዳው አሳሰበ። በ1931 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሕንዳዊው ራንጋናታን ሙያውን በ5 ሕጎች ሲደነግግ፣ 4ኛው ሕግ የአንባቢው ጊዜ እንዲቆጠብ የሚያዝ ሆነ።

ታዲያ አጭር መጽሐፍ መርጦ ማቀበል አንባቢን መናቅ ነውን? አይደለም። የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ ጉዞውን የጀመረው በአጭር ሥራ ነው፤ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ውስጥ ታተመ። ከ500 ገጽ የሚበልጠው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለሕትመት የበቃው ከ58 ዓመታት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. ነው። ሥነ ጽሑፉ በተጓዘበት መንገድ አንባቢውም ቢጓዝ ነውር የለበትም። ከሥራ መልስ በሁለት ምሽት አንድ መጽሐፍ የፈጸመ ሠርቶ አደር ሌላ ለመዋስ ይመለሳል፤ ትልቁን መጽሐፍ ገና በመጀመሪያው ቀን የተሸከመው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጨርሰው ይመልሰዋል።