ሴባስቶፖል፣ የናፒየር ዝሆኖችና የተማሪዬ ጀልባ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ አደረገልኝ። «ቲቸር፣ አዲስ አበባ አንዲት የፋይበር ጀልባ አግኝቻለሁ። በተሳቢ አድርጌ ባሕር ዳር ላስገባት ነው። ያለችኝ ፒካፕ ቆየት ያለች ብትሆንም ሞተሯ ጤነኛ ነው። ትጎትታታለች አይደል?» ይላል። ጀልባዋ ከሞተሯና ከተሳቢው ጋር 1,400 ኪሎ ገደማ ናት አለኝ። ተሳቢው የራሱ ፍሬን የለውም። የገዛበት ብር ደግሞ የእሱ ብቻ አይደለም፣ እናቱ ላም ሸጠው የሰጡት አለበት። ጣና ላይ እንግዳ እያመላለሰ ሊከፍላቸው ነው ያሰበው።

ጥያቄው ለመካኒክ እንጂ ለታሪክ መምህር አይመስልም። እኔ ግን መልሱ መቅደላ ላይ አለ ባይ ነኝ።

አስቀድሜ ግን ከቤቴ ልጀምር። ያደግሁት ጥርባ ነው። ሐይቁን ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ውኃው ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ወደ እሱ መሄድ መውረድ ነው፣ ከእሱ መመለስ መውጣት ነው። አዊ ደግሞ የፈረስ አገር ነው፤ ፈረስ ይጋለባል፣ ፈረስ ጋሪ ይጎትታል። ልጅ ሆኜ አንድ እህል የጫነ ጋሪ ዳገቱን ሲወጣ አየሁ። ፈረሱ አረፋ ደፈቀ እንጂ ወጣው። ሁላችንም «ጎበዝ!» አልን። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ጭነቱ ከኋላ ገፋው፣ ፈረሱ መያዝ አቃተው፣ ጋሪው ከፈረሱ ቀደመ። የዚያን ፈረስ እግር መሰበር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዳገት የወጣ ሁሉ ቁልቁለት ይችላል ማለት እንዳልሆነ ያን ቀን ነው የተማርኩት።

አሁን ወደ ታሪኩ። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሠራተኞችን ሰብስበው ትልቁን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ያስቀለጡት እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። ሠራተኞቹ የሚሲዮን ሰዎች እንጂ የመድፍ ሊቃውንት አልነበሩም፣ እየሞከሩ ነው የሠሩት። መሥራቱ ከባድ ነበር፣ ማጓጓዙ ግን ባሰ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ጉዞ ወደ መቅደላ ጀመሩ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው። አምስት ወር ተኩል ገደማ!

መድፉ በሠረገላ ላይ ነበር። የጎተተው ሰው ነው፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው፣ በጠፍር። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የመጎተቱን ጀግንነት ብቻ ነው። መንገዱን ግን እዩት። ከበተ ሆር ወደ ጅዳ ሸለቆ መውረድ፣ ወደ ደላንታ መውጣት፣ እንደገና ወደ በሽሎ መውረድ፣ እንደገና መውጣት ነው። ቁልቁለት ላይ 7 ቶን የሚጎትት ሰው አያስፈልገውም፣ የሚይዝ ሰው ነው የሚያስፈልገው። ቴዎድሮስ ይህንን አውቀው መጀመሪያ የሠሩት መንገዱን ነው። ገደሉን እያስደረመሱ፣ ድንጋዩን እያስነሱ፣ በቦታው የነበሩ ሰዎች እንደጻፉት በገዛ እጃቸው ጭምር ድንጋይ እያነሡ፣ ተዳፋቱን ሠረገላ የሚወርድበት አድርገው ጠረጉት። ከዚያ ነው መድፉን ያወረዱት። መድፉ ሳይገለበጥ መቅደላ ገባ፣ እስከ ዛሬም እዚያው አለ።

በዚያው ወቅት ከሌላ አቅጣጫ ሌላ ጭነት ወደዚያው ተራራ እየመጣ ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር ዙላ ላይ ወርዶ ወደ ደቡብ ሲጓዝ እሱም መድፍ ይዞ ነበር። እንግሊዞቹ ግን የአርምስትሮንግ መድፎቻቸውን እስከ መጨረሻው ለመጎተት አልደፈሩም። ከሕንድ 44 ዝሆኖች አስመጥተው መድፉን ከእግሩ ለይተው በዝሆን ጀርባ ጫኑት። ዝሆን የተሸከመውን አይገፋውም፤ ጭነቱና ተሸካሚው አንድ ናቸው። ደላንታ ሲደርሱ ደግሞ ወደ ሸለቆው የወረዱት ቴዎድሮስ በጠረጉት መንገድ ነው፤ አድንቀው የጻፉትም አሉ። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ያፌዛል፣ ንጉሡ ለመድፋቸው የሠሩት መንገድ ለጠላታቸው ዝሆን ሆነ።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ወገን «ምን ይጎትተዋል?» ብሎ አልጀመረም። ጭነቱ ስንት ነው፣ መንገዱ ምን ይመስላል፣ ቁልቁለቱ ላይ ማን ይይዘዋል ብሎ ነው የጀመረው። አንዱ መንገዱን ለጭነቱ አስተካከለ፣ አንዱ ጭነቱን ለመንገዱ በታተነ።

መኪናን ከነቃላቱ ያስለመዱን ደግሞ በአብዛኛው ጣሊያኖች ናቸው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ጋቢና፣ ጋንቾ ስንል በጣሊያንኛ ነው የምናወራው። አገሩ ግን ያው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ደጀን ድረስ ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። ትልቋ «ጣናነሽ ፪» ከጅቡቲ በተሽከርካሪ ወደ ጣና ስትመጣ አገሩ ሁሉ በስልኩ ሲከታተላት ከረመ። እንደ ቴዎድሮስ መድፍ እሷም ቀስ ብላ፣ በጥንቃቄ ነው የመጣችው።

እንግዲህ ለልጄ የመለስኩለት ይኼ ነው።

አንደኛ፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ባለ ናፍጣ ደብል ጋቢናዎች ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ 3,500 ኪሎ ይጎትታሉ ተብሎ በመጽሐፋቸው ተጽፏል። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ግን የተለመደው ልክ 750 ኪሎ ነው። ያንተ 1,400 ነው፣ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሞተሯ ጤነኛ መሆኑ እዚህ ላይ መልስ አይሆንም። ፍሬኗ ከራሷ ሌላ የጀልባዋንም ክብደት ሊይዝ ነው።

ሁለተኛ፣ እኛ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። እንጅባራ አካባቢ ሲደርስ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የጀልባዋ ክብደት ከ10 እጅ አንዱ ያህል ጋንቾው ላይ ይረፍ። ከኋላ ከከበደ ተሳቢው መወዛወዝ ይጀምራል፣ ቀላል መኪናንም ይዞ ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ከመጀመሪያው በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው። ፍሬን እየረገጡ ከወረዱ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም።

ስለዚህ ዓባይን በፒካፕህ አታስበው። እንደ ናፒየር አድርግ፣ ሞተሯን ፍታና ጀልባዋን ኤፍኤስአር ላይ ጫናት፣ ባዶ ተሳቢውንም አብረህ ስቀለው። ባሕር ዳር ስትደርስ ፒካፕህ ከመጋዘን እስከ ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ቀስ ብላ ትጎትታታለች፤ እሱንም ለተሳቢው ፍሬን ካስገጠምክለት በኋላ። ውኃ ዳር መሬቱ ስለሚያንሸራትት ፎር ዊሏን አስገባ።

«ቲቸር፣ የጭነት መኪና ኪራዩ ይወደዳል እኮ» አለኝ። ልክ ነው፣ ይወደዳል። የቸኮለ ግን አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ የፈሰሰ ደግሞ የሚለቀምም አይደለም። የእናትህ ላም አንድ ጊዜ ተሸጣለች።

ትናንት ማታ «ኤፍኤስአር እየጠየቅኩ ነው» ብሎ ጽፎልኛል። መስመሩን የምታውቁ ሾፌሮች ካላችሁ ከታች ምክራችሁን ጣሉለት፣ ያነባል።