ዜና ጌዴዎን ዘላለም፦ ከበርሊን እስከ ቬንሎ

በጃንዋሪ 26 ቀን 1997 ጌዴዎን ዘላለም በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ። በዚህ ዜና የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከልደቱ አራት ወር ያህል አስቀድሞ፣ በኦክቶበር 1996፣ አርሰን ቬንገር የተባለው ፈረንሳዊ አሠልጣኝ በለንደን የአርሰናልን ክለብ ተረክቦ ነበረ፤ የሁለቱ መንገድ በኋላ ይገናኛልና ይህ ነገር አስቀድሞ ተጻፈ።

ሕፃኑ ኳስን የለመደው በበርሊን ነው። ዘጠኝ ዓመት በሆነው ጊዜ፣ በ2006፣ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ በሜሪላንድ ግዛት ተቀመጠ፤ ይህም አገር ከኢትዮጵያ ውጭ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። በዚያም በኦልኒ ከተማ ስም በሚጠሩት የታዳጊ ቡድኖች ውስጥ እየተጫወተ አደገ፤ ሥራውም አማካይነት ነበረ፤ አማካይ ማለት በመከላከልና በማጥቃት መካከል ቆሞ ኳስን የሚያከፋፍል ተጫዋች ነው። ጌዴዎን በጉልበቱ ሳይሆን ክፍት ቦታን አስቀድሞ በማየትና ኳስን በተከላካዮች መካከል በማሳለፍ የታወቀ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ዳኒ ካርባሲዩን የተባለ አሜሪካዊ የአርሰናል መልማይ፣ ማለትም ለክለቡ ተስፋ ያላቸውን ልጆች የሚፈልግ ሰው፣ በሰሜን አሜሪካ ይዞር ነበረ። እርሱ ራሱ ከቨርጂኒያ ተነሥቶ ለአርሰናል የተጫወተ፣ ጉልበቱ ስለ ተጎዳ ግን ገና በወጣትነቱ ጫማውን የሰቀለ ሰው ነበረ። ጌዴዎንን ተመልክቶ ለለንደን አመለከተ፤ ለንደንም ልጁን ፈለገው።

ነገር ግን አንድ ልጅ በመፈለጉ ብቻ ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ መሄድ አይችልም ነበረ። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር የሆነው ፊፋ ልጆችን ከንግድ ለመጠበቅ ሲል ዕድሜው 18 ያልሞላው ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወር በደንቡ 19ኛ አንቀጽ ከልክሎ ነበረና። ክልከላው ግን መውጫ ነበረው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ 16 ዓመት የሞላው ልጅ መዛወር ይፈቀድለት ነበረ፣ የኅብረቱ ዜግነት ያላቸው ልጆችም በዚሁ በር ይገቡ ነበረ። ከዚህም ሌላ እንግሊዝ ከኅብረቱ ውጭ ለሚመጣ ተጫዋች የሥራ ፈቃድ የምትሰጠው ለአገሩ ዋና ብሔራዊ ቡድን በብዛት የተሰለፈ እንደ ሆነ ነበረ፤ ይህን የሚያሟላ አሜሪካዊ ወጣት ደግሞ ጥቂት ነበረ። ጌዴዎን የጀርመን ፓስፖርት ነበረው፣ ብሪታንያም በዚያ ዘመን የኅብረቱ አባል ነበረች። ስለዚህ 16 ዓመት በሞላበት ወር፣ በጃንዋሪ 2013፣ ወደ አርሰናል ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፔንሲልቫኒያው ክርስቲያን ፑሊሲች ከአያቱ በወረሰው የክሮኤሽያ ዜግነት በ16 ዓመቱ ወደ ጀርመኑ ክለብ ወደ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በዚያ ዘመን ለአሜሪካዊ ልጅ የአያት ወይም የትውልድ አገር ወረቀት ከእግሩ ጥበብ ያላነሰ ሀብት ነበረ።

በ2013 ክረምት ቬንገር ቡድኑን ይዞ በኢንዶኔዥያ፣ በቬትናምና በጃፓን ለዝግጅት ጨዋታ በዞረ ጊዜ የ16 ዓመቱን ልጅ አስከትሎ አጫወተው፤ የእንግሊዝ ጋዜጦችም ስሙን ከቀድሞው የአርሰናል አማካይ ከሴስክ ፋብሪጋስ ስም ጋር ማንሣት ጀመሩ። በሴፕቴምበር ግን ክለቡ አማካዩን ሜሱት ኦዚልን በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ፤ ይህም እስከዚያ ቀን ለአንድ ተጫዋች ከከፈለው ሁሉ የሚበልጥ ነበረ። ካዞርላ፣ ራምሲ፣ ዊልሸርና አርቴታም በዚያው በመሀል ሜዳ ነበሩ፤ ፓስፖርቱ የክለቡን በር ከፈተ እንጂ በእነዚህ መካከል ቦታ ሊሰጠው አልቻለም።

በጃንዋሪ 24 ቀን 2014፣ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አርሰናል በእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ኮቨንትሪ ሲቲን 4 ለ 0 ባሸነፈበት ምሽት ጌዴዎን ተቀይሮ ገባ። ቬንገር አርሰናልን ከያዘ በኋላ ከተወለዱት ሁሉ በእርሱ ሥር ለመሰለፍ የመጀመሪያው ሆነ። በሜይ ወር 2014 ክለቡ ያንኑ ዋንጫ አንሥቶ ዘጠኝ ዓመት ያለ ዋንጫ የቆየበትን ዘመን ፈጸመ። በዲሴምበር 9 ቀን 2014 ደግሞ በኢስታንቡል ጋላታሳራይን 4 ለ 1 በረታ ጊዜ፣ ጌዴዎን ሁለት ግብ ያገባውን አሮን ራምሲን ከዕረፍት በኋላ ተክቶ በሻምፒዮንስ ሊግ ተጫወተ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ግን ለአርሰናል አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰለፈም።

በዚያው ዘመን ለየትኛው አገር ይጫወታል የሚለው ጥያቄ በረታ። የጀርመን ዜግነት ስለ ነበረው ለጀርመን የታዳጊዎች ብሔራዊ ቡድን ተሰልፎ ነበረ፤ በወላጆቹ ዘር የኢትዮጵያን ማልያ ሊለብስ ይችል ነበረ፤ ያደገባት አሜሪካም በአሠልጣኟ በዩርገን ክሊንስማን በኩል ትፈልገው ነበረ። በ2014 መጨረሻ የአሜሪካ ዜጋ ሆነ። ሆኖም በአገሩ ያልተወለደ፣ ወላጁም አያቱም በዚያ ያልተወለዱለት ሰው ከ18 ዓመቱ በኋላ አምስት ዓመት በዚያ ካልኖረ እንዳይሰለፍ የፊፋ ደንብ ያዝዝ ነበረ፤ ጌዴዎን ደግሞ በአሜሪካ የኖረው በልጅነቱ ነበረ። የአሜሪካ ፌዴሬሽን ልጁ ወደ አገሩ የመጣው ለኳስ ብሎ እንዳልሆነ አስረድቶ በሜይ 2015 ፈቃድ አገኘ። ወዲያውም በኒውዚላንድ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ተሰለፈ፤ ቡድኑም በሩብ ፍጻሜ በሰርቢያ በመለያ ምት ተሸነፈ፣ ሰርቢያም ዋንጫውን ወሰደች።

ከዚህ በኋላ በኦገስት 2015 በውሰት ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ግላስጎው ሬንጀርስ ተላከ፤ ውሰት ማለት ተጫዋቹ ውሉ በክለቡ እጅ እያለ ለተወሰነ ጊዜ ለሌላ ክለብ መጫወት ነው። ሬንጀርስ በ2012 በዕዳ ወድቆ ከአራተኛው እርከን እንደ ገና የጀመረ፣ በዚያን ጊዜ ወደ ሁለተኛው እርከን የደረሰ ታላቅ ክለብ ነበረ። አሠልጣኙ ማርክ ዋርበርተን ኳስን በአጭር ቅብብል የሚያስጫውት ስለ ነበረ የጌዴዎን ተሰጥዖ ከእርሱ ጋር ተስማማ፤ እስከ ጃንዋሪ የተባለው ውሰትም እስከ ዓመቱ ፍጻሜ ተራዘመ። በኤፕሪል 2016 ክለቡ የሁለተኛውን እርከን ሻምፒዮንነት አገኘ፣ በሃምፕደን ፓርክ ፒተርሄድን 4 ለ 0 አሸንፎ የቻሌንጅ ካፕን ወሰደ፣ ከሳምንት በኋላም በስኮትላንድ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ባላንጣውን ሴልቲክን በመለያ ምት ጣለ። በሜይ 21 በተደረገው ፍጻሜ ግን ሂበርኒያን 3 ለ 2 አሸንፎ 114 ዓመት የጠበቀውን ዋንጫ አገኘ። ጌዴዎን ዓመት ሙሉ ደጋግሞ የተሰለፈበት፣ የደከመበትንም ፍሬ ያየበት ከሁሉ የተሻለው ዘመኑ ይህ ነበረ።

በጃንዋሪ 2017 ወደ ሆላንድ፣ በጀርመን ድንበር አጠገብ ወዳለችው ቬንሎ ከተማ በውሰት ሄደ። የከተማይቱ ክለብ ቪቪቪ በዚያው ዓመት የሁለተኛው እርከን ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ላይኛው ሊግ ወጣ። ጌዴዎንም በሁለት ዓመት ውስጥ በሁለት አገር ወደ ላይኛው እርከን ከወጡ ክለቦች ጋር ተቆጠረ። በሜይ ወር ግን በደቡብ ኮሪያ በተደረገው ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ፣ አሜሪካ ከኢኳዶር ጋር 3 ለ 3 በተለያየችበት የመጀመሪያ ጨዋታ፣ የጉልበቱ የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጅማት የጭንንና የቅልጥምን አጥንት በጉልበት ውስጥ አያይዞ የሚይዝ ሲሆን፣ የተበጠሰበት ተጫዋች ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ብዙ ወራት ከሜዳ ይርቃል፤ ገና ቦታውን ላላጸና የ20 ዓመት ወጣት ደግሞ ጉዳቱ ከሌላው ይልቅ ይከብዳል፣ እርሱ በተኛበት ወራት ሌሎች ታናናሾቹ ይደርሳሉና። በ2018 ቬንገር አርሰናልን ተወ፤ በ2019 መጀመሪያም ጌዴዎን ከስድስት ዓመት በኋላ ከለንደን ተሰናብቶ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ስፖርቲንግ ካንሳስ ሲቲ ተመለሰ። ከዚያም ወደ ኒው ዮርክ ሲቲ ተዛወረ፣ ክለቡ በ2021 የአሜሪካ ሊግ ሻምፒዮን በሆነ ጊዜም ከአባላቱ አንዱ ነበረ፤ በኋላም እንደ ገና ወደ ሆላንድ ተሻግሮ ለዴን ቦሽ ተጫወተ።

የዚህን ሰው ዘመን በአርሰናል ማልያ ብቻ የሚመዝን ሰው ተስፋው ባከነ ይል ይሆናል። ነገሩን በቅደም ተከተሉ ለሚመረምር ግን ሕግና ወረቀት እስከ ደጃፉ እንዳደረሱት፣ ከደጃፉ ወዲያ ያለውን ግን የኦዚል ዋጋና የአንድ ጅማት መበጠስ እንደ ወሰኑት ይታያል። ያ ደጃፍም ራሱ ብዙ አልቆየም። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ፣ የእንግሊዝ ክለቦች ዕድሜው 18 ያልሞላውን የውጭ አገር ተጫዋች ማስፈረም ተከለከሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጀርመን ፓስፖርት የያዘ የሜሪላንድ ልጅ በ16 ዓመቱ ወደ በርሊን ወይም ወደ ቬንሎ መሄድ ይችላል፤ ለለንደን ግን ሁለት ዓመት ይጠብቃል።