የብራና መጻሕፍትን በኢንተርኔት ስናነብ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

ከአድባራትና ገዳማት እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ ብዙ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ይነበባሉ። ገጹ አልከፈት ሲል መጽሐፉ ጠፍቷል ብሎ ከመተው በፊት የስሕተቱን ዓይነት መለየት ይገባል።

ብራውዘሩ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ሲያስጠነቅቅ አስቀድመው የመሣሪያዎን ቀን ይመልከቱ። የድረ ገጽ የደኅንነት ምስክር ወረቀት የሚጸናው ለተወሰነ ጊዜ ሲሆን፣ ጊዜው የሚለካው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። በስልኩ ላይ የእኛን ዓመተ ምሕረት የሞላ ሰው 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ብራውዘሩ ምስክር ወረቀቱን ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ ይቈጥረዋል። ቀኑ በራሱ እንዲስተካከል ማድረግ መፍትሔ ይሆናል። ቀኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ ግን አልፎ መግባትም ሆነ የይለፍ ቃል መጻፍ አይገባም።

«403» ፈቃድ አለመኖሩን ያመለክታልና ተመዝግበው መግባትዎን ያረጋግጡ። «404» አድራሻው መለወጡን ወይም በስሕተት መጻፉን ይነግራል፤ መጽሐፉን በመለያ ቁጥሩ ከመነሻ ገጹ ይፈልጉ። «503» ሲመጣ አገልግሎቱ ለጊዜው ስለተቋረጠ ቆይቶ መሞከር ይበቃል። ከገቡ በኋላ መግቢያው ደጋግሞ ከጠየቀ ኩኪዎች ተከልክለው ሊሆን ስለሚችል ለዚያ ድረ ገጽ ይፍቀዱላቸው።