የቀደድናት ገጽ፦ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ደንቦች ከየት መጡ?

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሳለን በፊዚክስ ላቦራቶሪ በር ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋ አገኘን። «ከላብ መቅረት ክልክል ነው። አሥር ደቂቃ ያረፈደ አይገባም። ውጤት በእስክሪብቶ እንጂ በእርሳስ አይጻፍም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፤ ከደብተር ላይ ገጽ አይቀደድም። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትሠራላችሁ፤ ሪፖርት ግን ለየብቻ ትጽፋላችሁ። የስሕተቱ መጠን ያልተገለጸ ውጤት እንደ ውጤት አይቆጠርም። ላቡን ያላለፈ ኮርሱን አያልፍም።» አንብበን ስንጨርስ ከመካከላችን አንዱ «ይኼ ኮርስ ነው ወይስ የጦር ሠፈር?» አለና ሁላችንንም አሳቀን።

በሦስተኛው ሳምንት ፔንዱለም ደረሰን። አንድ ሜትር ክር፣ አንድ የብረት ኳስ፣ አንድ ስቶፕ ዎች፤ ሌላ ነገር የለም። መቶ ውዝዋዜ ቆጠርን፣ አሰላን፤ የመሬት ስበት 9.77 ሆኖ ወጣ። መጽሐፉ ደግሞ 9.81 ይላል። እርስ በርሳችን ተያየን። ክሩን እንደገና አልለካንም፣ ሰዓቱንም አልመረመርንም። ያደረግነው ምንድን ነው? ገጿን ቀደድናትና ከ9.81 ወደ ኋላ አስልተን የሚስማማውን ሰከንድ በአዲስ ገጽ ላይ ሞላን። ጥሩ ማርክም አገኘንበት።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያቺ የተቀደደች ገጽ ናት። በበሩ ላይ ያሉትን ደንቦች ማን አወጣቸው? ለምንስ አወጣቸው? ብለን ታሪኩን ስንከታተል፣ ደንቦቹ እኛን ለማስጨነቅ ሳይሆን እኛ ያጠፋነውን ነገር ለመጠበቅ የተወለዱ መሆናቸውን ደረስንበት። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያ መንካት ዛሬ የተማሪ ግዴታ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን ብዙ ተማሪ የማያገኘው ዕድል ነበር። ፕሮፌሰሩ ከፊት ቆሞ ያሳያል፣ ተማሪው ከወንበሩ ላይ ሆኖ ያያል፤ በቃ። መሣሪያው ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜም የፕሮፌሰሩ የግል ንብረት ነው። በርሊን ላይ ጉስታቭ ማግኑስ በገዛ ገንዘቡ በገዛቸው መሣሪያዎች፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ፣ የመረጣቸውን ጥቂት ተማሪዎች ያሠራ ነበር። ኮኒግስበርግ (የዛሬዋ ካሊኒንግራድ) ፍራንዝ ኖይማን ከያኮቢ ጋር ሆኖ በ1834 ሴሚናር ከፈተ፤ መንግሥት ላቦራቶሪ አልሠራለት ሲል ከሚስቱ ቤተሰብ በደረሰው ውርስ በ1847 ከቤቱ ጎን የራሱን ሠራ። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ የተማሪ ላቦራቶሪዎች የመምህራን ሳሎንና ጓሮ ነበሩ ማለት ነው።

ኖይማን ተማሪዎቹን ያስተማራቸው ትልቁ ነገር ስሕተትን መገመት ነው። ይህን ትምህርት የቀሰመው በዚያው ከተማ ከነበረው ከሥነ ፈለኩ ሊቅ ከቤሰል ነው። የቤሰልን ነገር ለመረዳት ግን አንድ አሳዛኝ ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1796 በእንግሊዝ አገር በግሪኒች የከዋክብት መመልከቻ፣ ኪነብሩክ የሚባል ረዳት ከሥራው ተባረረ። ጥፋቱ ምን ነበር? ኮከብ የቴሌስኮፑን ክር ሲያቋርጥ የሚመዘግበው ጊዜ፣ አለቃው ማስክሊን ከሚመዘግበው በ0.8 ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነው። አለቃው ልክ ነው፤ ረዳቱ ስሕተት ነው፤ አለቀ። ቤሰል በ1820ዎቹ ነገሩን መርምሮ ራሱን ከሌሎች ታላላቅ ተመልካቾች ጋር ቢያነጻጽር፣ በሁለት ሰዎች መካከል ሁልጊዜ ልዩነት መኖሩን፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰከንድ ማለፉን አገኘ። ለካስ ያ ምስኪን ረዳት ጥፋተኛ አልነበረም! እያንዳንዱ ዓይንና እያንዳንዱ እጅ የራሱ መዘግየት አለው። መደረግ ያለበት ሰውየውን ማባረር ሳይሆን ልዩነቱን ለክቶ መጻፍ ነው።

«ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትሠራላችሁ፤ ሪፖርት ግን ለየብቻ» የሚለው ደንብ ምሥጢር ለእኛ የገባን እዚህ ላይ ነው። ጓደኛችን ሰዓቱን ሲይዝና እኛ ስንይዝ ልዩነት ከመጣ፣ ያ ልዩነት የሚደበቅ እንከን አይደለም፤ ራሱ አንድ ውጤት ነው።

ወደ ስኮትላንድ እንሻገር። በ1846 ገና በ22 ዓመቱ የግላስጎው ፕሮፌሰር የሆነው ዊልያም ቶምሰን (በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው) አንድ የተተወ የወይን ጠጅ ማስቀመጫ ምድር ቤት አግኝቶ ተማሪዎቹን እዚያ አስገባ። የሚገቡት በፈቃዳቸው ነበር፤ መቅረት የሚያስቀጣ ደንብ አልነበረም። ሆኖም ይመጣሉ። ለምን ቢባል የሚለኩት ቁጥር ለሥራ የሚፈለግ ስለሆነ ነው። ዘመኑ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የቴሌግራፍ ገመድ የሚዘረጋበት ዘመን ነው፤ የ1858ቱ ገመድ በጥቂት ሳምንታት ሲበላሽ፣ የ1866ቱ ግን ሠርቷል። ስለ ሽቦና ስለ ኤሌክትሪክ መከላከያ የሚደረገው ልኬት ቢዋሽ ገመዱ ባሕር ውስጥ ይቀራል። እዚያ ቁጥር መጠገን ማንን ይጠቅማል?

ተማሪ ሲበዛ ግን ሥርዓት መፈለጉ አልቀረም። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኤድዋርድ ፒከሪንግ በ1869 ለተማሪዎች ላቦራቶሪ ከፈተ። ዘዴው ቀላል ነው፤ በየጠረጴዛው አንድ መሣሪያና አንድ የተጻፈ መመሪያ ያስቀምጣል፤ ተማሪው አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይዞራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ አንድ ብቻ ቢኖርም ብዙ ተማሪ ይሠራል። መመሪያዎቹን በ1873 በመጽሐፍ አወጣቸው። በጀርመንም ኮልራውሽ በ1870 የራሱን የላቦራቶሪ መምሪያ አሳትሞ ነበር። ዛሬ በእጃችን የምንይዛት፣ ገጿ የላላና የቀድሞ ተማሪዎች መልስ ጎን ለጎን የጻፉባት የላብ ማንዋል የእነዚህ የልጅ ልጅ ናት።

በካምብሪጅ የካቨንዲሽ ላቦራቶሪ በ1874 ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ፕሮፌሰር ማክስዌል ነበር። ማክስዌል ሴቶችን ለማስገባት አልወደደም። እሱን የተካው ሎርድ ራይሌይ ግን በ1882 ሴቶች ከወንዶች እኩል ወደ ላቦራቶሪው ትምህርት እንዲገቡ ፈቀደ። ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 መሆኑን ስናስብ፣ የላቦራቶሪው በር ከዲግሪው በር በ66 ዓመት ቀድሞ ተከፍቷል ማለት ነው። የዚያን ጊዜዎቹ እህቶቻችን ላቦራቶሪ መግባትን እንደ ቅጣት ሊቆጥሩት ይችሉ ነበርን?

ታሪኩ የሚጣመምበት ቦታ ሐርቫርድ ነው። በ1880ዎቹ ማብቂያ ዩኒቨርሲቲው በፕሬዚዳንቱ በኤልየት አሳሳቢነት፣ ፊዚክስን በላቦራቶሪ ተምረው ለሚመጡ አመልካቾች የሙከራ ዝርዝር አወጣ። ያዘጋጀው በስሙ የሚጠራውን ኤሌክትሪካዊ ክስተት በ1879 ያገኘው ኤድዊን ሆል ነው። አመልካቹ ወደ 40 የሚጠጉ ሙከራዎችን ሠርቶ ደብተሩን ማቅረብ ነበረበት። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ እንዲከፈት አድርጓል። ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ ደብተር የሥራ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የመግቢያ ወረቀት ሆነ። ሙከራው ተቆጥሮ ተሰጠ፣ መልሱም አስቀድሞ ታወቀ። መልሱ ከታወቀ ደግሞ ተማሪው የሚለካው ተፈጥሮን ሳይሆን የመምህሩን ፊት ነው። የእኛ ገጽ መቀደድ የተጀመረው ያኔ ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

በዚህ ፈተና የወደቀው ተማሪ ብቻ እንዳይመስለን። አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን ለጀማሪዎች የፊዚክስ መጽሐፍና የላቦራቶሪ ኮርስ ያዘጋጀ መምህር ነው፤ የኤሌክትሮንን ሙል በዘይት ጠብታ ለክቶም የ1923ን ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ 58 ጠብታዎችን አቅርቦ፣ እነዚህ የተመረጡ ሳይሆኑ በ60 ተከታታይ ቀናት ሙከራ የተደረገባቸው ጠብታዎች ሁሉ ናቸው ብሎ ነበር። በ1978 የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊው ጄራልድ ሆልተን የሚሊካንን ደብተሮች ገልጦ ሲያስነብብ ግን የተለኩና የተተዉ ሌሎች ጠብታዎች ተገኙ። አንዳንዶቹ በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ቢጨመሩም ቁጥሩ ብዙ አይለወጥም የሚሉ አሉ። ክርክሩ ይቆይልን። እኛን የገረመን ሌላ ነው። ሚሊካን ጠብታዎቹን ተዋቸው እንጂ ገጾቹን አልቀደዳቸውም። ስለዚህ ከ65 ዓመት በኋላ ሰው ቁጭ ብሎ ሊፈርድበትም ሊፈርድለትም ቻለ።

የሚሊካን ቁጥር ከዛሬው በ0.6 ከመቶ ያህል ያንስ ነበር፤ ምክንያቱ ለአየር ቪስኮሲቲ የተጠቀመበት ዋጋ ትክክል አለመሆኑ ነው። ሪቻርድ ፋይንማን በ1974 ለካልቴክ ተመራቂዎች ባደረገው ንግግር እንደተናገረው፣ ከሚሊካን በኋላ የለኩ ሰዎች ወደ ትክክለኛው ቁጥር የደረሱት በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እያሉ ነው። ለምን? ከሚሊካን በጣም የራቀ ቁጥር ሲያገኙ ስሕተት ይፈልጋሉ፤ የቀረበ ሲያገኙ ግን ያን ያህል አይፈልጉም። እነሱም እንደኛ «መጽሐፉ ምን ይላል?» ብለዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቀደድናት ገጽ እንመለስ። በ1672 የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ዣን ሪሼርን በደቡብ አሜሪካ ከምድር ወገብ አጠገብ ወዳለችው ወደ ካየን ላከው። ፓሪስ ላይ በትክክል የተሞላው የፔንዱለም ሰዓቱ ካየን ሲደርስ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ሪሼር «የፓሪሱ ነው ልክ» ብሎ ቁጥሩን አልጠገነም። ለአሥር ወራት በየሳምንቱ ለካ፣ ጻፈ። ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ልኬት መሬት በወገቧ ላይ ሰፋ ያለች ለመሆኗ ማስረጃ አድርጎ አቀረበው። ከአንድ ክርና ከአንድ ኳስ የምድር ቅርጽ ወጣ!

እኛስ የት ነው የለካነው? 9.81 የፓሪስና የለንደን ቁጥር ናት። በ1901 በዓለም አቀፍ ጉባኤ የጸደቀችው 9.80665 ደግሞ በ45 ዲግሪ ኬክሮስ በባሕር ጠለል ላይ ላለው ስበት ተብላ የተወሰነች ናት። አዲስ አበባ ከወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። ለወገብ መቅረብም ስበትን ይቀንሳል፣ ከፍታም ይቀንሳል። እዚህ ያለው ስበት 9.77 ገደማ ነው። ለካስ የቀደድናት ገጽ የአገራችንን ቁጥር ይዛ ነበር! በእርማት ስም የፓሪስን ስበት አራት ኪሎ ላይ አመጣን።

አራት ኪሎን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1957–58 የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት፣ በ1950 በተቋቋመው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ግቢ፣ በካናዳዊው ቄስ በፒየር ጉዋን መሪነት የምድርን መግነጢስ የሚመዘግብ ጣቢያ ተተክሎ ነበር። አዲስ አበባ የተፈለገችበት ምክንያት ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ መሆኗ ነው፤ ከራሳችን በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ቀን ቀን የሚያልፍ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። የዚያን ጅረት መልስ ከመጽሐፍ ጀርባ ገልብጦ ማየት አይቻልም ነበር። መሣሪያው ያሳየው ተጻፈ።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ወደ ላቦራቶሪው በር ተመልሰን ወረቀቷን እንደገና አየናት። «በእስክሪብቶ» ማለት ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላችሁ ቁጥራችሁን አትለውጡ ማለት ነው። «በአንድ መስመር ይሰረዝ» ማለት ነገ ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና ይነበብ ማለት ነው። «ስሕተቱ ይገለጽ» ማለት ደግሞ 9.77 እና 9.81 በእውነት የተለያዩ መሆናቸውን እወቁ ማለት ነው። በአንድ ሜትር ክር ላይ የሁለቱ ልዩነት በመቶ ውዝዋዜ 0.4 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ክሩን በአራት ሚሊ ሜትር ያህል ብንሳሳትም ያው ልዩነት ይመጣል። ኳሱ መካከል ድረስ ለክተን ነበር ወይስ አናቱ ድረስ? ሰዓቱን የያዘው የማን እጅ ነበር?

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጥያቄ የምንጠይቀው ራሳችንን ነው። ያ 9.77 ተጠንቅቀን ስለለካን የመጣ የአገራችን ቁጥር ነበር? ወይስ ሁለት ስሕተቶች ተጋጭተው በአጋጣሚ የወለዱት? አሁን ማወቅ አንችልም። ገጿ የለችማ።