የገበረና የተወጋ፦ ጅማ፣ ካፋና የእኛ ስብከት

የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ስናጠና ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን እንደያዙ እናነባለን (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። መሬቱ ከአንግሎ ሳክሰን ባላባቶች ወደ ኖርማን ጌቶች ዞረ፤ በ1070 ላንፍራንክ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆነ፤ የገዢዎቹም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ግን አንድ ነገር አለ፦ በ1073 ንጉሥ ዊልያም ሜን የተባለውን የፈረንሳይ ግዛት ሲወጋ፣ ድል የነሣቸውን እንግሊዛውያን በጦሩ አሰልፎ ነበር።

ይህ ታሪክ ለሰርቦ እንግዳ አይደለም። በ1880ዎቹ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የጅማን የውስጥ አስተዳደር አቆዩ። ካፋ ግን በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተወጋ፤ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተማረኩ፤ ገበሬውም በገባር ሥርዓት ሥር ወደቀ። በዚያ ዘመቻ የጅማ ሰዎችም ተሰልፈው ነበር። ይሁንና መገበሩ ጅማን ለዘለቄታው አላዳናትም፤ የራስ አስተዳደሯ በ1932 አበቃ።

እንግዲህ በጉባኤያችሁ የገበረውም፣ የተወጋውም፣ በገበያ የተሸጠውም የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። «ያለፈውን እርሱት» ብለን ከመስበካችን በፊት ማን ምን እንዳጣ እንጠይቅ። ኤፌሶን 2 የጥሉ ግድግዳ ፈረሰ ሲል ግድግዳ አልነበረም ማለቱ አይደለም። ትናንት የገበረ ዛሬ ወጊ ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል ታሪክ ካሳየን፣ ንስሐን ለአንድ ወገን ብቻ አንስበክ።