በእግር የሚነበብ ታሪክ

ለመሆኑ በስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ፊት ለፊት፣ የትም የማያደርስ ደረጃ መኖሩን ልብ ብላችሁታል? እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ተመላልሻለሁ። ፈተና ሲደርስ ከሥሩ ተቀምጬ ደብተር ገልጫለሁ፤ የቀጠርኩትን ጓደኛ ጠብቄበታለሁ። አንድ ቀን ከገጠር ሊጠይቀኝ የመጣ የአጎቴ ልጅ ቀና ብሎ አየውና «ይኼ ደረጃ ወዴት ነው የሚያወጣው?» አለኝ። የታሪክ ተማሪ ነኝ ባዩ መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር አፈርኩ።

መልሱን ኋላ ጠይቄ ደረስኩበት። ደረጃውን ያቆሙት ፋሺስቶች ናቸው። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለውን እያንዳንዱን የአገዛዝ ዓመት በአንድ እርከን እየቆጠሩ ሠሩት። ገና ብዙ የሚቆጥሩ መስሏቸው ነበር። ይሁንና አገዛዛቸው በአዲስ አበባ አምስት ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1933 ዓ.ም. አከተመ። ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ያን ጊዜ ግቢው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት፣ የከተማውም ሕዝብ ለሦስት ቀን የተጨፈጨፈው እዚሁ ከተወረወረው ቦምብ በኋላ ነው። እንግዲህ እኛ ደብተር የምንገልጠው ከዚህ ሁሉ ሥር ተቀምጠን ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ትቼ በእግሬ ወደ ፒያሳ እወርዳለሁ። እንደ መንገደኛ ሳይሆን እንደ እንግዳ ሰው፣ ግራና ቀኝ እያየሁ፣ የየቦታውን ስም እየጠየቅሁ። አዲስ አበባ ስሟ ብቻ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። «ሰፈር» የምንለው ቃል ራሱ ከመስፈር የመጣ ነው፤ ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ባለሟሉና የጦር አለቃው ከነተከታዩ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ይሰፍር ነበርና። ደጃች ውቤ ሰፈር ስንል፣ ሳናውቀው የአንድ ሠራዊት ድንኳን የነበረበትን መሬት እየጠራን ነው። ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ የጌታ ስም የለበትም። ስሙን ያገኘው በእጁ ሠርቶ ከሚያድር ሰው ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ይኼ ነው።

ከቤቶቹም ብዙ ይገኛል። የእንጨት ሰገነት ያላቸው፣ የጣራቸው ጠርዝ እንደ ቀሚስ ጥለት የተቀረጸ አሮጌ ቤቶች አሉ። የአርመንና የሕንድ አናጢዎች ጥበብ ከአገሩ ጭቃና ከባሕር ዛፍ ጋር ተጋብቶ የወለዳቸው ናቸው። ቆሞ ለሚያይ ሰው ውበት ነው፤ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ማን ከየት መጥቶ፣ ምን ይዞ እዚህ እንደኖረ የሚመሰክር ሰነድ ነው።

ሰነድ ግን ይጠፋል። ዶሮ ማነቂያ ስንት ጊዜ ሻይ ጠጥቻለሁ! በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ሌላ አካባቢ ተነሣ። ባለፈው ጊዜ ሻይ እጠጣበት የነበረውን ቤት በወረቀት ላይ ልሥል ቁጭ ብዬ ነበር። በሩ ወደ የት ይከፈት እንደነበረ አላስታወስኩም። ሰገነቱ ስንት ምሰሶ ነበረው? አላውቅም። ሁልጊዜ ያለ መስሎኝ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ከተማ መለወጡ አይቀርም፤ ውሃና መጸዳጃ የሌለው ቤት ለሚኖርበት ሰው ጌጥ እንዳልሆነም አውቃለሁ። የሚቆጨኝ ምስክር መሆን ስችል አለመሆኔ ነው።

እሑድ እሑድ ደግሞ እንጦጦ እወጣለሁ። ከ3000 ሜትር በላይ ነውና ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የባሕር ዛፉ ሽታና ነፋሱ ግን ድካሙን ያስረሳል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም እዚያው ናት፤ ከጎኗም በጭቃና በእንጨት የተሠራው ቤተ መንግሥታቸው አለ። የአንድ ንጉሠ ነገሥት ቤት ይህን ያህል ትንሽ መሆኑ ራሱ ያስተምራል። ዛፉም ቢሆን የአገሩ ተወላጅ አይደለም። ዋና ከተማዋ ማገዶ ጨርሳ፣ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ቶሎ የሚያድገው የአውስትራሊያ ዛፍ መጥቶ ሲስፋፋ ከተማዋ ካለችበት ቀረች፤ አዲስ ዓለም የተጀመረው አዳራሽም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ይህን እያሰብኩ ስወርድ አንዲት እናት የቅጠል ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አሳርፈው ሲተነፍሱ አገኘሁ። ሰላምታ ሰጥቼ «እማማ፣ ሽታው እንዴት ደስ ይላል!» አልኳቸው። ፈገግ አሉና «ሽታውስ ለእናንተ ነው ልጄ፤ ለእኛ ክብደቱ ነው» አሉኝ። ሸክሙን አንሥቼ ላሸክማቸው ስሞክር ጉልበቴ ተብረከረከ። ከተማዋን ዛፉ አዳናት እላለሁ እንጂ፣ ዛፉን ቁልቁል ተሸክሞ እንጀራ ያስጋገራት የማን ጀርባ እንደሆነ እስከዚያ ቀን አልጠየቅሁም ነበር።

ጓደኞቼ፣ በመንገድ ላይ ትንሽ ነገር ስታዩ ደስ ካላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ደስታው የተከለከለ አይደለም። ግን እዚያ አትቁሙ። ማን ሠራው? ማን ተሸከመው? ስሙን ማን አወጣለት? ብላችሁ ጠይቁ፤ በዚያ ያረጁ ሰዎች ሳሉ ጠይቁ፤ በደብተራችሁም ከነቀኑ ጻፉት። ለጊዜው ከቤታችን እንጀምር። ነገ ወደ ክፍል ስትሄዱ ያንን ደረጃ አንድ፣ ሁለት ብላችሁ ቁጠሩት።